ፔዳሉን ባለመኪናው ይረግጣል

ሐሙስ፣ የዘንድሮው መለኪያ መጀመሪያ

ጋራዡን ጠረግኩ፣ ሮለሩን ቅባት አጠጣሁ፣ የኮምፒውተሩን ስክሪን በሸሚዜ እጅጌ ወለወልኩ። ባለቤቴ እጅጌውን ስታይ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም። የውድድር ወቅት ሲመጣ እንደ ልጅ ያደርገኛል።

ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነብበው ባይኖርም ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፣ ስሸመግል እንዳይምታታብኝ። ክለባችን ትንሽ ነው። ሁላችንም ሌላ እንጀራ ያለን ሰዎች ነን፤ አንዱ ጎማ ይሸጣል፣ አንዱ ጥርስ ይነቅላል፣ እኔ መኪና እጠግናለሁ። በወር አንድ እሑድ አገልግሎት ካቆመው የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተሰብስበን በአሮጌ መኪኖቻችን እንሽቀዳደማለን። ሽልማቱ ዋንጫና ጭብጨባ ነው፤ ዋንጫውም ቢሆን በዓመቱ ይመለሳል። ሕጋችን ግን ጥብቅ ነው፤ የማንም ሞተር ከመቶ ሃያ የፈረስ ጉልበት መብለጥ የለበትም። ኪሱ የሞላው ሰው ሞተር ገዝቶ የሌለውን እንዳያዋርድ፣ መንዳት የሚችለው እንዲያሸንፍ ነው። ሞተሩ የሚለካው በእኔ ጋራዥ ነው፣ ለኪውም እኔ ነኝ። “ሚዛኑ” ይሉኛል። ስሙን እወደዋለሁ፣ ምን እደብቃለሁ። አባቴ ያወጣልኝን ስም በነፃ ነው ያገኘሁት፣ ይሄኛውን ግን ሠርቼበታለሁ።

አለካኩ ቀላል ነው። መኪናው ወለሉ ውስጥ በተቀበሩት ሮለሮች ላይ ይቆማል፣ በቀበቶ ይታሰራል፣ ከዚያ የነዳጁ ፔዳል እስከ ወለሉ ይረገጣል። ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ ቤቱ በጩኸት ይሞላል። እኔ ጆሮዬን ሸፍኜ ጥግ ላይ ካለው ስክሪን ፊት እቆምና ጉልበቱ እንደ ዳገት እየወጣ ሲሳል አያለሁ። የዳገቱ ጫፍ ቁጥሩ ነው። ያለፈውን መኪና ቦኔቱን በሽቦ አስሬ አትመዋለሁ፤ ውድድሩ ሳያልቅ ማኅተሙን የነካ ሰው ከክለቡ ተሰናበተ ማለት ነው።

ፔዳሉን የሚረግጠው ባለመኪናው ራሱ ነው። ድሮ እኔ ነበርኩ የምረግጠው። አንድ ጊዜ የአንዱ ሞተር እግሬ ሥር ግግም ብሎ ቀረና ሰውየው ሰላምታ ነሳኝ። ያኔ “እያንዳንዱ የራሱን ይርገጥ፣ አንተ ስክሪንህን እይ” ብሎ የገላገለኝ ሚዜዬ ነው። ሕጉም እንደዚያው ሆኖ ጸና።

ሚዜዬ ስል ለማዳመቅ አይደለም። ስዳር ከጎኔ የቆመው፣ አባቴን ስቀብር ትከሻዬን የያዘው እሱ ነው። መስታወት ቤት አለው፤ የሰፈሩን መስኮት ሁሉ የቆረጠው እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ለክለቡ “ለኪው ይሄ ሰው ይሁን፣ ሌላ አትፈልጉ” ያለውም እሱ ነው። ዛሬ መኪናው መቶ አሥራ ስምንት አወጣ። መስመሩ ግን እንደ አምናው ጫፉ ላይ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ሆነ። “የቤንዚን ፓምፕህ ደክሟል፣ ቀይረው” አልኩት። “በደከመ ፓምፕ የማሸንፍ ሰው ነኝ በላቸው” ብሎ ሳቀ። ደስ የሚል ሳቅ አለው።

እሑድ

ደክሞኛል። ሚዜዬ አንደኛ። የጥርስ ሐኪሙ ሁለተኛ፣ ጎማ ሻጩ ሦስተኛ። ማኅተሞቹን ሁሉ ራሴ ዞሬ አየሁ፣ አንድም አልተነካም። ፀሐዩ አናቴን በላው። ሚዜዬ ዋንጫውን ሲቀበል በማይክሮፎን “ይሄ የሚዛናችን ዋንጫ ነው!” አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ረቡዕ

ጎማ ሻጩ ጋራዥ መጣ። ሥራ ያመጣልኝ መስሎኝ ነበር፣ ሻይ ልጋብዝህ ብሎ ነው። ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ ልጁ ትምህርት አወራ፣ ብርጭቆውን አሥር ጊዜ አማሰለ። በመጨረሻ፣

“እንግዲህ ለእኔም እንደ ሚዜህ አድርገህ እይልኝ” አለ።

“እኔ ሁሉንም በአንድ ዓይን ነው የማየው።”

“እሱማ አዎ፣ አዎ” አለና ዓይኑን ጠቀሰኝ። ትቢያ የገባበት መሰለኝ። ሲወጣ ደግሞ “አንተ ሰው ደግ ነህ፣ ዝም ማለት ታውቃለህ” አለኝ። ባለቤቴ ብትሰማው! እሷ ለሃያ ዓመት ዝም በል ስትለኝ ነው የኖረችው።

ሐሙስ፣ ሁለተኛው መለኪያ

ሚዜዬ እንደ ልማዱ መጨረሻ መጣ። ከመኪናው አልወረደም፤ ወገቡን ስለሚያመው መውጣትና መግባት ያስቸግረዋል። “ቀበቶውን አጠበቅክ? በል ወደ ስክሪንህ፣ ሞተሩ እየሞቀብኝ ነው” አለኝ። ሄድኩ።

መቶ አሥራ ሰባት። ጫፉ አሁንም ጠፍጣፋ። ፓምፑን አለመቀየሩን ሳይ ተቆጣሁት። ከመደርደሪያዬ አዲስ አውጥቼ ልስጥህ፣ እኔው ልግጠምልህ ስለው “ይቆይ፣ ይቆይ” አለ። ሰው በነፃ ሲሰጡት እምቢ ካለ ኩሩ ነው። ሚዜዬ ድሮም ኩሩ ነው።

እሑድ

ተናድጃለሁ። ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ሚዜዬ ዛሬም አንደኛ ወጣ። መኪኖቹ ቆመው ገና ጭሱ ሳይጠፋ የጥርስ ሐኪሙ የራስ ቁሩን በብብቱ ይዞ ወደ እኔ መጣ። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ሁልጊዜ በአንቱታ ነው የሚያናግረኝ። ሰው በተሰበሰበበት፣

“ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ” አለ።

“ጠይቅ።”

“ከመጨረሻው መታጠፊያ እኩል ነበር የወጣነው። ቀጥታው ላይ ግን እኔ የቆምኩ ይመስል ጥሎኝ ሄደ። የእኔ መቶ አሥራ ዘጠኝ ነው፣ የእሳቸው መቶ አሥራ ሰባት። ይሄ እንዴት ይሆናል?”

“መንዳት ይባላል” አልኩት። አጠገባችን የነበሩት ሳቁ።

እሱ አልሳቀም። “ቀጥታ ላይ ምን መንዳት አለው? እስከ ወለሉ ረግጦ መሪ መያዝ ነው። ጋሼ፣ የእሳቸውን መኪና አንድ ጊዜ ሌላ ሰው ይርገጠው። እርስዎ ራስዎ ይርገጡት። ሌላ የምጠይቀው የለኝም።”

ደሜ ፈላ። ሌላ ሰው ይርገጠው ማለት ባለመኪናው ሌባ ነው፣ ለኪው ዕውር ነው ማለት ነው። “ሮለሬን ትጠራጠራለህ?” ብዬ ጮኽኩበት። “ሮለሩን አልጠረጠርኩም” አለ። ቀጥሎ ያለውን ሳልሰማ ጥዬው ሄድኩ።

በኋላ ሚዜዬ ክንዴን ይዞ ወደ ጥላው ወሰደኝ። “እኔን የፈለገውን ቢለኝ ችግር የለም፣ አንተን መንካቱ ነው ያንገበገበኝ” አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እንዲህ ያለ ወዳጅ ያለው ሰው ስንት ነው?

ባለቤቴ ግን ነገሩን ስነግራት ሳህን ማጠቧን ሳታቆም “ታዲያ አንድ ጊዜ ብትረግጠው ምን አለበት?” አለችኝ። ወግ አለ፣ ሕግ አለ አልኳት። “ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ” አለች። የፋርማሲ ሠራተኛ ለሁሉም ነገር መድኃኒት ያላት ይመስላታል። ማኅተሙ አልተነካም። ራሴ ነው ያየሁት።

ረቡዕ

ስብሰባ ነበር። ሊቀመንበራችን፣ ሁላችን እትዬ የምንላቸው፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ስብሰባንም እንደ አውቶቡስ ነው የሚነዱት፣ በሰዓቱ ያስነሱታል፣ በየመንገዱ አያቆሙም። ክሱን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ሚዜዬ “እኔ ብናገር ለራሱ ነው ይሉኛል፣ አንተ ብትናገር ይሻላል” ስላለኝ ነው። ለኪውን በሰው ፊት ማዋረድ፣ የአባልን ስም ማጥፋት ብዬ ተናገርኩ። ጥሩ ተናገርኩ መሰለኝ፣ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

እትዬ አፍጥጠው አዩኝ። “እርግጠኛ ነህ አይደል? እኔ ከፌርማታ ሳልነሳ በፊት መስታወቴን ሁለት ጊዜ ነበር የማየው” አሉ።

“እርግጠኛ ነኝ” አልኳቸው።

ሐኪሙ ይቅርታ እንዲጠይቅ ዕድል ተሰጠው። “የጠየቅኩት ጥያቄ ነው። ለጥያቄ ይቅርታ አይጠየቅም” አለ። ከዘንድሮ ቀሪ ውድድሮች ታገደ። ድምፅ ሲሰጥ ሁሉም እጁን አወጣ። አንድ ነገር ብቻ ገረመኝ፤ እጃቸውን ሲያወጡ ማንም ወደ ሐኪሙ አላየም፣ ወደ እኔም አላየም። ሁሉም የሚያየው ጠረጴዛውን ነበር።

ሐኪሙ በሩ ላይ ቆም ብሎ “ጋሼ፣ እርስዎን አከብርዎት ነበር” አለኝ። ነበር አለ። በሰው ፊት።

ስወጣ ከኋላዬ አንዱ “ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ” ሲል ሰማሁ። ስለ ሐኪሙ መሆን አለበት።

ሰኞ

ጥርሴን ያመኛል። የታችኛው፣ በስተግራ። በዚህ ሰፈር ያለው ጥርስ ሐኪም አንድ ነው፣ እሱንም ከስሼዋለሁ። ቅርንፉድ ነክሼ ዋልኩ።

ረቡዕ

ሐኪሙን አየሁት። ክሊኒኩ በር ላይ ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ከአንዲት አሮጊት ጋር ያወራል። ወደ ማዶ ተሻገርኩ። ለምን ተሻገርኩ? እኔ እኮ አይደለሁም ያጠፋሁት። ጎማ ሻጩ ጋ ጎራ ስል ሦስት የክለቡ ሰዎች ነበሩ፤ እየሳቁ ነበር፣ ስገባ አቆሙ። “ስለ ሚዛን ነበር የምናወራው” አለ አንዱ። “ስለ የቱ ሚዛን?” ስለው “ስለሚያዘነብለው” አለና ሁሉም እንደገና ሳቁ። ሻጩ ጎማ የሚያመጣጥንበት ሚዛን ተበላሽቶ ይሆናል። ጥርሴ ግን ሌላ ሐኪም እስካገኝ አይጠብቀኝም።

ሐሙስ፣ ሦስተኛው መለኪያ

ዛሬ የሆነውን በተርታ ልጻፍ። በተርታ ካልጻፍኩት ነገ ለራሴ እዋሻለሁ።

ጠዋት ሚዜዬ ደወለ። ወገቡ ተቆልፎ ከአልጋ መነሳት አቅቶታል። መኪናው ዛሬ ካልተለካ እሑድ አይወዳደርም፣ ዘንድሮ ደግሞ የዓመቱን ዋንጫ ሊወስድ አንድ ውድድር ነው የቀረው። “እሑድ በመርፌም ቢሆን እነሳለሁ። መኪናዋን ሚስቴ ታምጣት፣ ፔዳሉንም እሷው ትርገጠው። ባለመኪናው ማለት ቤተሰቡም ጭምር ነው፣ አይደል?” አለኝ። አዎ አልኩት፤ እሷ ባትሆን ማን ይሁን? “ዝም ብላ ትርገጥ፣ ሌላ ነገር እንዳትነካካ በላት” አለና ዘጋው።

ሚስቱ ልብስ ስፌት ታስተምራለች። የውድድር መኪና ነድታ አታውቅም። ላብ አጥምቋት፣ ፀጉሯ ተበትኖ ደረሰች።

“ወንድሜ፣ ይሄ መኪና ነው ወይስ ጣሳ? አንጀቴን እኮ ነው ያወጣው!”

ሳቅን። አሰርኩላት፣ አረጋጋኋት። “እህቴ፣ አራተኛ ማርሽ ካስገባሽ በኋላ እስከ መጨረሻው ረግጠሽ ያዢ፣ እጄን ሳወርድ ልቀቂ። አትፍሪ፣ የትም አይሄድም” አልኳት። ወደ ስክሪኔ ሄድኩ። መስመሩ ተነሣ፣ ወጣ፣ ሁልጊዜ ጠፍጣፋ የሚሆንበት ቦታ ደረሰ። አልቆመም። እጄን ማውረድ ረስቼ ቆሜ አያለሁ፣ እሱ ይወጣል። መቶ ሃምሳ ሁለት።

ሮለሩ የተበላሸ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር ተበላሽቶ እንዲሆን ጸለይኩ። እሷን አስወርጄ የራሴን አሮጌ መኪና ጫንኩበት፤ የዛሬ ዓመት ያወጣውን ያንኑ አወጣ። እንደገና የሚዜዬን። እንደገና መቶ ሃምሳ ሁለት። ሮለሩ ደህና ነው።

“አበላሸሁ እንዴ?” አለች ፊቴን አይታ። “ያን እንጨት በማውጣቴ ይሆን?”

“የቱን እንጨት?”

“ከፔዳሉ ሥር የነበረውን፣ ምንጣፉ ውስጥ። መንገድ ላይ ዳገቱን አልወጣ አለኝ፣ የኋላ ሰው ሁሉ ጥሩንባ ይነፋብኛል፣ ስረግጥ የሆነ ነገር ያግደኛል። ጎንበስ ብዬ መንጭቄ አወጣሁት።”

ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። የሁለት ጣት ውፍረት ያለው ቁራጭ። ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ፣ ሥሩ ላይ እንዳይንሸራተት ስስ ላስቲክ የተለጠፈበት። “የመለኪያ ቀን ዋዜማ ነው የሚያስገባት። ለወገቡ ትመቸዋለች መሰለኝ” አለች።

“አዎ፣ ለወገቡ ነው” አልኳት። ምን ልበላት?

ቦኔቱን አላተምኩም። ታክሲ ጠርቼ ሸኘኋት፣ መኪናው እኔ ጋ ቀረ። ከዚያ ሮለሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እንጨቱን በእጄ እያገላበጥኩ ዋልኩ። በችኮላ የተቆረጠ ቢሆን ይህን ያህል አይከፋኝም ነበር። ይህ ግን በትዕግሥት ነው የተሠራው። ጠርዙን ሲያለሰልስ፣ ላስቲኩን ሲለጥፍ፣ ልክ መሆኑን ሲሞክር እኔን እያሰበ ነበር። እኔ ከስክሪን ፊት ቆሜ ፓምፑ ደክሞበታል እያልኩ ስጨነቅለት፣ እሱ እግሩን እንጨት ላይ አሳርፎ ይጠብቀኛል። ፓምፕ ልስጥህ ብዬ ለምኜዋለሁ!

ሐኪሙን አሰብኩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። የመታሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ዓርብ

ሄድኩ። በጎኑ ተኝቷል። እንጨቱን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጥኩለት። ብዙ አየው። አልካደም። ቢክድ ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ እንድጣላው ይረዳኝ ነበር።

“መቼ ነው የጀመርከው?”

“ሞተሩን ከቀየርኩ ጀምሮ።” ያ እንግዲህ ከሦስት ዓመት በፊት ነው።

“ለምን?”

“ቀኑን ሙሉ ለሰው መስታወት እቆርጣለሁ። ሰው በመስታወቱ አሻግሮ ነው የሚያየው፣ እኔን አያየኝም። እሑድ እሑድ ያዩኛል” አለ። አሳዘነኝ። በራሴ ተናደድኩ፣ እዚያ ቆሜም ያሳዝነኛል።

“ሐኪሙስ?”

“ሐኪሙን የከሰስከው አንተ ነህ።”

እውነቱን ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኝ ነበር፣ እሱንም ጠየቅኩት። ለኪነቱን ለእኔ ያሰጠኸኝስ ለምን ነበር? ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ወገቡ አመመውና ተመለሰ።

“ስለምታምነኝ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እግሬን ያይ ነበር” አለ።

ከዚህ በኋላ የተባለው ሁሉ ትርፍ ነው፣ ግን ልጻፈው። እሑድ አልወዳደርም፣ በወገቤ አመካኛለሁ አለ። ሞተሩን ይመልሳል። ነገሩ በሁለታችን ይቅር። “ለአንተም ብዬ ነው። ብትናገር ማን ያምንሃል?” አለኝ።

ለምን አያምኑኝም? እኔ የሠራሁት ምን አለ? መንገዱን ሙሉ ሳስበው መጣሁ፣ አልገባኝም። ሚዜዬ ሊያስፈራራኝ ፈልጎ ነው።

ቅዳሜ

ባለቤቴ ሁሉንም ሰማች። “ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው ይባላል፣ አንተ ግን ማሰሮውንም ላስከው” አለች። ከዚያ ክንዴን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። አለቀስኩ። በትልቅ ሰውነቴ።

ለሐኪሙ ደወልኩ። ነገ ከውድድሩ በፊት ና አልኩት። “ታግጃለሁ እኮ” አለ። ና ብቻ አልኩት። ለእትዬም ነገርኳቸው። ሕዝቡ ይሰብሰብ፣ የምናገረው አለኝ።

እሑድ

ተናገርኩ።

በአሮጌው የአውሮፕላን መጠለያ ውስጥ ሁሉም ተሰበሰበ። ሚዜዬ ወገቡን በቀበቶ ጠፍንጎ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሁለቱን የመለኪያ ወረቀቶች፣ ጠፍጣፋውንና የማይቆመውን፣ ጎን ለጎን ዘረጋሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሐኪሙን ስሙን ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። የሚጮኹ፣ የሚሳደቡ፣ ወንበር የሚገፉ መስሎኝ ነበር።

ማንም አልጮኸ። ማንም አልደነገጠም። ጎማ ሻጩ ጉሮሮውን ጠረገና፣

“እንግዲህ ተጣላችሁ ማለት ነው” አለ።

“ምን ማለትህ ነው?”

“ምንም። የቤታችሁ ጉዳይ ነው። እኛ የምናውቀውን ነው የነገርከን።” ዙሪያውን ሲያይ ሌሎቹ አንገታቸውን ደፉ። “ሚዜህ ራሱ ‘ሚዛኑ ያውቃል፣ ሚዛኑ የራሴ ሰው ነው’ እያለ ሲነግረን ኖረ። እኔም እኮ ሻይ ጋብዤ ለምኜህ ነበር።”

ወደ እትዬ ዞርኩ። “ወሬውን ሰምቼዋለሁ” አሉ። “ማስረጃ አልነበረኝም። ያን ዕለት እርግጠኛ ነህ ወይ ብዬ የጠየቅኩህም ለዚያ ነው። ያንን ልጅ በአደባባይ ስትከስሰው፣ ይሄ ሰው እንዴት ያለ ደፋር ነው ብዬ ገርሞኝ ነበር።”

ለካ ሲስቁ የኖሩት በእኔ ነው። ያ ሁሉ ሻይ፣ ያ ሁሉ ጠቀሳ፣ ያ ሁሉ “ዋንጫው የሚዛናችን ነው”። እኔ በስሜ ስኮራ፣ ስሜ ከተሸጠ ቆይቷል።

አንድ ሰው ብቻ ነበር ሊያወጣኝ የሚችለው። ወደ ኋላ አየሁ።

“ንገራቸው” አልኩት። “እኔን ማረኝ አላልኩህም፣ ራስህንም ክሰስ አላልኩህም። አያውቅም ነበር ብቻ በላቸው።”

ሚዜዬ ቀና ብሎ አየኝ። ያ ሠርጌ ዕለት ከረባቴን ያስተካከለልኝ ሰው አየኝ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ሰዎቹ መለሰ።

“ሚዜ ለሚዜ ምን ይደብቃል?” አለ።

ሁለታችንም ከክለቡ ተሰናበትን። የሐኪሙ እገዳ ተነሣ። ከእንግዲህ ፔዳሉን የሚረግጠው በዕጣ የሚወጣ ሌላ አባል ይሆናል ተብሎ ተወሰነ። ሮለሩን እስከ ወሩ መጨረሻ ከጋራዤ ያነሱታል፣ የክለቡ ንብረት ነውና።

ወደ መኪናዬ ስሄድ ሐኪሙ ከኋላዬ ሮጦ ደረሰብኝ። “ጋሼ፣ እኔ ያን ዕለት እርስዎ ይርገጡት ነው ያልኩት። ያውቃሉ ብዬ ባስብ እርስዎን እጠይቅ ነበር?” አለኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚያምነኝ ያሳገድኩት ሰው ብቻ ነው። ጥርሴን እንዲያይልኝ ለነገ ቀጠረኝ።

ረቡዕ

ስልኩ ዝም ብሏል። ጥርሱ ተነቅሏል፣ ፊቴ አብጧል፣ ለሰው ላለመታየት ጥሩ ምክንያት አገኘሁ።

ጠዋት ቁርስ ላይ ባለቤቴ የሥራ ጋውኗን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ሳትቀመጥ ቆመች።

“አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትቆጣኝ” አለች።

“ጠይቂኝ።”

“ለእኔ ብቻ ንገረኝ። እውነት አታውቅም ነበር?”

“አንቺም?” አልኳት። ድምፄ ከፍ አለ። “እንጨቱን በዓይኔ ያየሁት ያን ሐሙስ ነው፣ ከዚያ በፊት ስለ እንጨት ሰምቼ አላውቅም፣ በልጆቻችን እምላለሁ!”

“ስለ እንጨቱ አልጠየቅኩህም” አለች።

እሷ ወደ ሥራዋ ሄዳለች። እኔ እስካሁን አልመለስኩላትም።